ለመነሳት 11 ደቂቃ፦ የአንድ ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ የጉዳይ ጥናት

## ለምን ተጻፈ

ኮምፒውተር መጠገን መተዳደሪያዬ አይደለም። ሰፈር ውስጥ አንድ ጊዜ "እሱ ይችላል" ከተባለ ግን ማምለጫ የለም፤ ቅዳሜና እሑዴን በሰው ቤት ኮምፒውተር ፊት ማሳለፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አብዛኛው ሥራ ተመልሶ የሚታወስ አይደለም። ይህኛው ግን ከማስታወሻ ደብተሬ ስድስት ገጽ ወስዷል። በአንድ ማሽን ላይ ሦስት የዝግታ ምክንያቶች ተደራርበው ስለነበር የአንዱ መስተካከል የሌላውን ምልክት ሸፈነ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉዳዩን ወደ አደጋ የገፋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ያደረግኩትም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዲስክ ታመመ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ዊንዶውስም ራሱ የሚጋብዘው ነው።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹ በየደረጃው በደብተሬ ላይ ያሰፈርኳቸው ናቸው።

## ቤቱና ኮምፒውተሩ

የኮምፒውተሩ ባለቤት አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ቤት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። ከባለቤታቸውና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነች ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ትልቁ ልጅ ውጭ አገር ነው።

ኮምፒውተሩ በ2009 ዓ.ም. አገልግሎት ላይ የቆየ ሆኖ የተገዛ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 አለው። ከዲስኩ 186 ጊጋባይት ያህሉ ተይዟል፦ የልጅቱ የትምህርት ፋይሎች፣ የ15 ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም ጋሼ ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ሲጽፉት የኖሩት መጽሐፍ። የመጽሐፉ ቀደምት ምዕራፎች የተተየቡት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት አሰያየም) ከመለመዱ በፊት በነበረ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ነው። ያ ፊደል ከኮምፒውተሩ ላይ ከጠፋ፣ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ዝርግፍ ሆኖ ይታያል።

የዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ እኮ" አሉኝ። ዲ በሚለው ክፍል ውስጥ "መጠባበቂያ" የሚል ፎልደር በእርግጥም ነበር። ሲ እና ዲ ግን ያንኑ አንድ ዲስክ የተካፈሉ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች እንደማለት ነው፤ ጣሪያው ሲወድቅ አንዱ ክፍል ለሌላው መጠለያ አይሆንም።

## ችግሩ

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጋሼ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር እኔን መሰለ፤ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል" አሉ።

በሰዓት ለካሁት። ማብሪያው ከተነካበት እስከሚሠራበት ጊዜ 11 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ። ዎርድ ለመክፈት ሦስት ደቂቃ ያህል ወሰደ። የፎቶ ፎልደሩ ሲከፈት በላዩ ያለው አረንጓዴ መስመር እየተንፏቀቀ ሄዶ ጫፍ ሊደርስ ሲል ይቆማል። የመዳፊቱ ቀስት ይንቀሳቀሳል እንጂ የተጫነው ነገር ምላሽ አይሰጥም፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የተጫነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ልጅቱ ይህ ከፋሲካ በኋላ እንደጀመረና ቀስ በቀስ እንደባሰ ነገረችኝ።

## እኔ ከመምጣቴ በፊት

አንድ የጎረቤት ወጣት ቫይረስ ነው ብሎ ሁለተኛ ፀረ ቫይረስ ጭኖ ነበር። የመጀመሪያው አልወጣም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። ሌላ ሰው "የሚያጸዳ" ፕሮግራም አስገባ። ልጅቱ በራሷ አንብባ ሁለት ሌሊት ዲፍራግ አደረገችው። ሐሳቧ በጤነኛ ዲስክ ላይ ትክክል ነበር፤ በታመመው ላይ ግን ዲፍራግ ማለት ፋይሉን ሁሉ ከቦታ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ማመላለስ ነው። አንድ ሱቅ ደግሞ ሳይከፍተው "ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫን" ብሎ ነበር። ጋሼ ለቀናት ያለ ኮምፒውተር መቆየት አልፈልግም ብለው እንቢ አሉ። በዚህ እንቢታ መጽሐፉ ዳነ፤ በፎርማቱ የሚሄደው ፊደሉ ብቻ አልነበረምና።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ዲስኩ ራሱ ጤነኛ መሆኑን አልጠየቀም። አልወቅሳቸውም፤ እኔም ወዲያው አልጠየቅኩም።

## መቶ በመቶ ሲል ምን ማለቱ ነው

ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማናጀርን፣ ስከፍት ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ ነው ይላል። የሚነበበው መጠን ግን በሰከንድ 0.3 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ተበላሽቷል" ብሎ ይደመድማል። እኔ እዚህ ቆሜ ሒሳቡን መሥራት ደስ ይለኛል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ ዳታው የሚጻፍበት፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ቦታ ከአንባቢው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጥበቃ አለ፤ ይህም 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። አንባቢው ራስ ከአንድ ትራክ (በሳህኑ ላይ ካለ የዳታ ክብ መስመር) ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሲደመር 13 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዲስኩ በሰከንድ 75 ያህል የተበታተኑ ንባቦችን ብቻ ይችላል። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ከሆነ 75 ሲባዛ በ4፣ ውጤቱ 300 ኪሎባይት ነው። ያ 0.3 ሜጋባይት ማለት ነው።

ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሃርድ ዲስክም ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው እንዲለቅም ከታዘዘ መቶ በመቶ ተጠምዶ 0.3 ሜጋባይት ሊያወጣ ይችላል። መቶ በመቶ የሚለው ዲስኩ ምን ያህል ጊዜ ሥራ እንደያዘ ይናገራል እንጂ ስለ ጤናው አይናገርም። መታየት ያለበት ከዚያው ሥር የተጻፈው አማካይ የምላሽ ጊዜ ነው። ጤነኛው ዲስክ ሥራ በዝቶበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች ወይም በጥቂት መቶዎች በሚቆጠር ሚሊሰከንድ ይመልሳል። የጋሼ ዲስክ 4,800 ሚሊሰከንድ ይል ነበር። ይህ ጤናማ አይደለም።

## ቀላሉ ክፍል

ከሁለቱ ፀረ ቫይረሶች አንዱን አወጣሁ። "የሚያጸዳውን" ፕሮግራም አስወገድኩ። ሲነሳ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ሰባቱን ዘጋሁ። ራሙ ከ4 ጊጋባይት 3.6 ያህሉ ተይዞ ስለነበር ዊንዶውስ የሚተርፈውን ወደ ዲስኩ እየጻፈ መልሶ ያነብ ነበር፤ ያ በራሱ አንድ የዝግታ ምክንያት ነው። አነሳሱ ከ11 ደቂቃ ወደ 8 ወረደ።

## የዳታ ኬብሉ

ቀጥሎ ስማርት የሚባለውን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም አየሁ። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ነገር ቁጥር አለው። ቁጥር 199 በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ ተበላሽቶ እንደገና እንዲላክ የተደረገውን ዳታ ይቆጥራል። 2,317 ደርሶ ነበር። አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጌ ስመለስ 2,342 ሆነ። ይህ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ትልቅ መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ዓይን እያየ መጨመሩ ግን ኬብሉን ወይም መሰኪያውን ያመለክታል።

ሳጥኑን ስከፍት ኬብሉ በክዳኑ ተጭኖ በስለት እንደታጠፈ ወረቀት ሆኗል። ምናልባት ከዓመታት በፊት አቧራ ለማጽዳት ሲከፈት የሆነ ነው። አዲስ ኬብል አደረግኩ። ቆጣሪው ቆመ። አነሳሱ 5 ደቂቃ ሆነ። ጋሼ ቡና አስፈሉ፤ እኔም "አገኘሁት" አልኩ።

## ስህተቴ

በዚያው መስኮት ላይ ከ199 ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ቢጫ ምልክት ያለበት ቁጥር 197 ነበር። እሱ የሚቆጥረው ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃቱትንና ጉዳያቸው ያልተወሰነ ሴክተሮችን፣ ማለትም ዳታ የሚቀመጥባቸውን ትንንሽ የዲስክ ቁራጮች፣ ነው። አጠገቡ 10 የሚል ተጽፏል። እኔም አሥር ነው ብዬ አለፍኩት። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በስተቀር የሚጽፈው በአሥራ ስድስት መሠረት በሚቆጠር አሃዝ በመሆኑ 10 ማለት 16 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሰው ቁጥሩን ሳያነብ እንደሚያልፍ ግን ያሳያል። ኬብሉን አግኝቻለሁና ሌላ ምክንያት መፈለግ አልፈለግኩም።

ይልቅስ "ለማንኛውም ይጠገን" ብዬ የዊንዶውስን መፈተሻ፣ ቼክ ዲስክን፣ መላውን ገጽ በሚፈትሽበት መንገድ፣ ማታ አስጀምሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህ ትእዛዝ የታዘዘበትን የዲስክ ክፍል እያንዳንዱን ሴክተር ያነባል፤ የፋይሎቹን መዝገብ ደግሞ እያስተካከለ እዚያው ዲስክ ላይ ይጽፋል። በጤነኛ ዲስክ ላይ ጠቃሚ ነው። በሚሞት ዲስክ ላይ ግን በሽተኛን አልጋ ከማስያዝ በፊት ደረጃ ማስወጣት ነው።

ልጅቱ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ 27 በመቶ ላይ እንደቆመ ጻፈችልኝ። "ተዪው፣ ይሂድ" አልኳት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ።

ጠዋት ጋሼ ደወሉ። "ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የጨረስከው ይመስላል" አሉኝ። ስደርስ ማሽኑ "አውቶማቲክ ጥገና በመዘጋጀት ላይ" እያለ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ዊንዶውስ አይገባም። ዲስኩም ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ እንጨት በጥፍር እንደሚጫር ዓይነት ድምፅ ያሰማል።

በአንድ ሌሊት ዘገምተኛ የነበረው ኮምፒውተር የማይነሳ ኮምፒውተር ሆነ። ጥፋቱ የመብራቱ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነሐሴ ላይ መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

## ጥገናው ቆሞ ቅጂው ሲጀመር

ከዚህ በኋላ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ነገር ላለመጻፍ ወሰንኩ። አውጥቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩትና በራሴ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ውስጥ በቀጥታ ሰካሁት። ዲስክን ከውጭ በሚያገናኝ የዩኤስቢ ሳጥን አላገናኘሁትም፤ ዲስኩ በአንድ መጥፎ ሴክተር ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆም አንዳንዱ ሳጥን ግንኙነቱን ይበጥሳል፣ አንዳንዱም የስማርት መዝገቡን አያሳይም። በዊንዶውስም አላስነሳሁም፤ ዊንዶውስ የተጎዳ ዲስክ ሲያይ ሳይጠየቅ ሊጠግን ይነሳል። በዊንዶውስ ፋንታ ከፍላሽ በሚነሳ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት፣ ዲዲሬስኪው በሚባል ነጻ ፕሮግራም፣ መላውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲስ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ።

ይህን ፕሮግራም ከተራ ኮፒ የሚለየው ትዕግሥቱን የት እንደሚያውል ማወቁ ነው። ተራው ኮፒ መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ እዚያው ቆሞ ይታገላል። ለቤት የሚሠሩ ዲስኮች አንድ ሴክተር እንቢ ሲላቸው ለአሥር ሰከንዶችና ከዚያም በላይ ደጋግመው ይሞክራሉ፤ ለሰርቨርና ለመሳሰሉት የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ 7 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ተስፋ ቆርጠው ይመልሳሉ። የጋሼ ኮምፒውተር ግማሽ ደቂቃ እየደረቀ የቆየው ለዚህ ነበር። ዲዲሬስኪው መጀመሪያ ያለ ችግር የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ያስቸገረውን ክልል ዘሎ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ተመልሶ ይለቅማል። የደረሰበትንም በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ይህ ካርታ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፦ ሥራው መሀል መብራት ጠፍቶ የእኔ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲደክም፣ ዘግቼው ስመለስ ካቆመበት ቀጠለ።

የዲስኩ ሙሉ መጠን 500,107,862,016 ባይት ነው። የመጀመሪያው ዙር በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከ38 ሜጋባይት በስተቀር ሁሉንም አወጣ። የቀረውን 38 ሜጋባይት ለመልቀም 19 ሰዓት ፈጀ። የመጨረሻው ውጤት ይህ ነበር፦ ባለ 4,096 ባይት ከሆኑት 122,096,646 ሴክተሮች ውስጥ 296ቱ አልተነበቡም። በባይት 1,212,416 ነው፤ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ያህል።

በዚህ መሀል ቁጥር 197ን ደጋግሜ አየሁት። መጀመሪያ ቀን 16 ነበር። ከቼክ ዲስክ በኋላ 1,072 ሆኗል። ቅጂው ሲያልቅ 2,368፤ ይህም 296 ሲባዛ በ8 ነው፤ ዲስኩ እያንዳንዱን ትልቅ ሴክተር በስምንት ትንንሾች ስለሚቆጥር። እዚህ ላይ ነው ያ መጀመሪያ ያየሁት 16 ምን ያህል እንዳታለለኝ የገባኝ። ቆጣሪው የሚያውቀው ዲስኩ ለማንበብ ሞክሮ ያቃተውን ብቻ ነው። ለዓመታት ማንም ያልከፈተው የፎቶ ፎልደር ሥር ስንት ሴክተር እንደሞተ አያውቅም። ትንሽ ቁጥር ማለት ትንሽ ጉዳት ማለት ላይሆን ይችላል፤ ገና ያልታየ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

## የዳነውና የጠፋው

296ቱ ባዶ ቦታዎች በየትኛው ፋይል ውስጥ እንደወደቁ ለማወቅ፣ በቅጂው ላይ ያልተነበቡትን ቦታዎች ሁሉ በአንድ ልዩ ቃል ሞላሁና ያንን ቃል በፋይሎቹ ውስጥ ፈለግኩ። ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፤ "የሆነ ነገር ጠፍቷል" ከሚል ጭንቀት "እነዚህ ጠፍተዋል" ወደሚል ዝርዝር ያደርሳል። 14 ፋይሎች ተገኙ። 9ኙ የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ናቸው፤ የሚያሳዝኑ አይደሉም። 4ቱ ፎቶግራፎች ነበሩ። አንዱ የጋሼ መጽሐፍ ሰባተኛ ምዕራፍ ነበር።

ምዕራፉ የተቀመጠው በአዲሱ የዎርድ ፋይል ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ፋይል ውስጡ ሲታይ የታመቀ ጥቅል ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ሴክተር ሲጎድል ከጉድለቱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ሊፈታ አይችልም። ከ31 ገጽ 9ኙን ብቻ አወጣሁ። ለጋሼ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያዳነን ልጅቱ ናት። ከአራት ወር በፊት ምዕራፉን ለማሳተም በቴሌግራም ለራሷ ልካው ነበር፤ ፋይሉ እዚያው ነበር። የአራት ወሩን እርማት ደግሞ ጋሼ በታተመው ወረቀት ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈውታል። መምህር ናቸውና። ልጅቱ በሁለት ምሽት መልሳ ተየበችው።

ከአራቱ ፎቶዎች ሦስቱን ውጭ ያለው ልጅ ከስልኩ ላካቸው። አራተኛው የላይኛው ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ታችኛው ግራጫ ነው። ጋሼ ይቀመጥ አሉ።

አዲስ ዊንዶውስ የጫንኩት ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ነው። ራሙን 8 ጊጋባይት አደረግኩ። የግዕዙን ፊደል ከቅጂው ውስጥ አውጥቼ መልሼ አስገባሁ፤ አሮጌዎቹ ምዕራፎች ተነበቡ። አነሳሱ 38 ሰከንድ ሆነ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አንድ የተበታተነ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት። የ13 ሚሊሰከንዱ ጥበቃ ጠፋ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ለመቀበል ያረጀ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚያበቃ መሆኑን ለጋሼ ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ።

## አሮጌው ዲስክ ላይ የተደረገ ፈተና

ፋይሎቹ ሁሉ በሁለት ቦታ መኖራቸውን ካረጋገጥንና ጋሼ ከፈቀዱ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ለመመለስ አሮጌውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ በዜሮ ሞላሁት። ጥያቄው ጥፋቱ የመብራቱ ነው ወይስ የዲስኩ የሚል ነበር።

ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ አንድ ሴክተር ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀርና ሊነበብ እንቢ ሊል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ቁስል ሳይሆን የተቋረጠ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በላዩ ሲጻፍበት ይድናል። ገጹ ራሱ ከተበላሸ ግን ዲስኩ ሴክተሩን ትቶ ከመጠባበቂያው በሌላ ይተካና በቁጥር 5 ላይ ይመዘግበዋል። የጋሼ ዲስክ መብራት በድንገት ጠፍቶበት ራሱን በችኮላ ያሳረፈበት ጊዜ በመዝገቡ 1,386 ነው። ስለዚህ መብራቱን መጠርጠር ተገቢ ነበር።

በዜሮ ከተሞላ በኋላ 197 ወደ 0 ወረደ። ቁጥር 5 ግን ከ0 ተነስቶ 2,104 ደረሰ። በሌላ አነጋገር ከ296ቱ 263ቱ እውነተኛ ቁስሎች ነበሩ፤ በመጻፍ ብቻ የዳኑት 33 ናቸው። ከሳምንት በኋላ እንደገና ሳነበው 88 አዳዲስ ያልተወሰኑ ትንንሽ ሴክተሮች ተገኙ። ዲስኩ 31,000 ሰዓት ያህል ሠርቷል። አርጅቷል፤ እየሞተም ነበር።

ሌላም ነገር ተረዳሁ። ጋሼ ቤት ስታቢላይዘር አለ፤ ቤተሰቡም በእሱ የተጠበቀ ይመስለው ነበር። ስታቢላይዘር ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ የሚሰጠው ነገር የለውም። ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ አምስት ደቂቃ የሚያቆይ ትንሹም ዘግቶ ለማጥፋት ይበቃል።

## ለሌላ ቤት የሚሆን

ዛሬ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ቤት ስጠራ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ቅጂ አላችሁ?" የሚል ነው፤ መልሱ የለም ከሆነ ምርመራው አይጀመርም፣ ቅጂው ይጀመራል። የማይተካውን፣ ማለትም ጽሑፍና ፎቶን፣ በቅድሚያ ወደ ሌላ ዲስክ። ቼክ ዲስክ፣ ዲፍራግ፣ ፎርማት ከዚያ በኋላ ይታያሉ። ቅደም ተከተሉን የገለበጥኩት ያን ማታ ነበር፤ ሌላው ሁሉ የተከተለው ከዚያ ነው።

የስማርት መዝገብ ሲታይ 5፣ 197 እና 198 ስለ ዲስኩ ገጽ ይናገራሉ፤ 199 ስለ ኬብሉ። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱን ማግኘት ሌላውን አያሰርዝም። ቁጥሩን ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈራው ማደጉ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ አለመስጠቱንም አትመኑ፤ የጋሼ ማሽን እስከ መጨረሻው ቀን አንድም ጊዜ አላስጠነቀቀም።

የምላሽ ጊዜው ጤናማ ሆኖ፣ 197ም ዜሮ ሆኖ ዝግታው ከቀጠለ ዲስኩ አልታመመም። ሃርድ ዲስክ መሆኑ ብቻ ነው፤ ያኔ ኤስኤስዲ ማስገባት ከማንኛውም "ማጽዳት" በላይ ለውጥ ያመጣል። ኤስኤስዲ ግን የራሱ ጠባይ አለው፦ ሲሞት ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ አያስታምምም፣ በአንድ ጠዋት ይጠፋል። አሮጌው ዲስክ አራት ወር ሙሉ በመዝገም ሲነግረን ነበር።

ዲስኩ የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ወይም ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ማጥፋትና መተው ይሻላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት የሚል ምክር አሁንም ይዞራል፤ አትሞክሩት። ክዳኑንም በቤት ውስጥ አትክፈቱ።

## ከስድስት ወር በኋላ

ባለ 1 ቴራባይቱ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በጋሼ ቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ልጅቱ እሑድ እሑድ አውጥታ አዲሱን ትገለብጣለች። በመጨረሻ ስጎበኛቸው ያመለጧት ሦስት እሑዶች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ የፈተና ሰሞን ናቸው። አሮጌውን ዲስክ ከፍቼ ሳህኑን አውጥቼላቸዋለሁ። እንደ መስታወት ያበራል፤ ጋሼ መጽሐፍ መደርደሪያቸው ላይ አቁመው ጢማቸውን ያዩበታል።